የጠፈር ጣቢያው በላያችን ሲያልፍ የምናየው ብርሃን ምንድን ነው?

ምሽት ላይ በረንዳችሁ ወጥታችሁ ሰማዩን ስትመለከቱ፣ ከወደ ምዕራብ አንድ ነጭ ብርሃን ብቅ ሊል ይችላል። ብልጭ ድርግም አይልም። ድምፅም የለውም። ቀስ በቀስ እየደመቀ ሰማዩን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ብዙ ሰው «አውሮፕላን ነው» ብሎ ይተወዋል። አውሮፕላን ግን ቀይና ነጭ መብራቱ ይብለጨለጫል። ተወርዋሪ ኮከብም ቢሆን ዓይናችሁን እስክታዞሩ አይቆይም። ይህኛው እስከ ስድስት ደቂቃ ድረስ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ሰዎች የሚኖሩበትን ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ አይታችሁ ሊሆን ይችላል።

የጣቢያው የመጀመሪያ ክፍል የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ያለ ሰው ያደረበት ሌሊት የለም። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰዎች ይኖሩበታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 109 ሜትር ይረዝማል። ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ካለው የመኪና መንገድ አይበልጥም። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ መሬትን አንዴ ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይበቃዋል።

ታዲያ ያ ሁሉ ድምቀት ከየት መጣ? ከጣቢያው መብራት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ሰፋፊዎቹ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችና የጣቢያው አካል ወደ እኛ ያንጸባርቁታል። ጀምበር ስትጠልቅ ጨለማ ቀድሞ የሚይዘው ሸለቆውን ነው፤ የተራራው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ እንደነካው ይቆያል። ጣቢያውን 400 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ተራራ ጫፍ ላይ አስቡት። እኛ ጋ መሽቷል፤ እዚያ ላይ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ለዚህ ነው ከኢትዮጵያ የሚታየው ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማና ጎህ ከመቅደዱ በፊት ባለው ተመሳሳይ ጊዜ ብቻ የሆነው። እኩለ ሌሊት ላይ በላያችን ቢያልፍም የመሬት ጥላ ውስጥ ስለሚሆን አናየውም። ለንደን ያሉ ዘመዶቻችሁ ግን በሰኔ ሌሊቱን ሙሉ የማየት ዕድል አላቸው፤ በዚያ ወቅት ፀሐይ እዚያ ከአድማስ በታች ብዙም አትርቅም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው መጥፊያው ነው። አንዳንድ ቀን ብርሃኑ ሰማዩን ሳይጨርስ መሃል ላይ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ቀላ ይልና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ድርግም ይላል። ደመና አልጋረደውም። የመሬት ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ጣቢያው ውስጥ ላሉት ሰዎች ጀምበር እየጠለቀች ነው። የእነሱን ምሽት እናንተ ከበረንዳችሁ ሆናችሁ ታያላችሁ! እነሱ በ24 ሰዓት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ይመሽባቸዋል።

ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የከተማ መብራትም ብዙ አያግደውም፤ በደንብ ሲያልፍ ከየትኛውም ኮከብ ይደምቃል። የሚያስፈልገው ሰዓቱን ማወቅ ነው። የናሳ «ስፖት ዘ ስቴሽን» መተግበሪያም ሆነ «ሄቨንስ አቦቭ» የተባለው ድረ ገጽ ያላችሁበትን ቦታ ስትነግሯቸው ቀኑን፣ ደቂቃውንና አቅጣጫውን ያወጡላችኋል። 19:10 ካሉ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡10 ነው። ከፍታውንም በዲግሪ ይጽፋሉ፤ 90 ማለት አናታችሁ ላይ ነው። ከ20 በታች ከሆነ በከተማ ውስጥ አትድከሙ፣ ፎቁ ይጋርደዋል። ከ40 በላይ የሆነውን ምረጡና አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ልጆችንም ጥሩ። ክረምት ላይ ደመናው ያስቸግራል፤ ከጥቅምት ወዲህ ያሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች ይሻላሉ።

አንዱ ካመለጣችሁ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በዚያው መንገድ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። እሱ አንድ ዙር ሲጨርስ መሬትም ከሥሩ ትሽከረከራለች። ስለዚህ ቀጣዩ መንገዱ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቻድ ይሸሻል። ያኔ ለእኛ ወይ አድማሱን ታክኮ ያልፋል፣ ወይ ጥላ ውስጥ ይሆናል። የነገውን ሰዓት ተመልከቱ።