ናና ፓቲልና የሳታራው «ፓትሪ ሰርካር»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣው የገበሬዎች ትግል መሪ ናና ፓቲል በ1900 (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ሕንድ፣ በሳታራ አውራጃ ተወለደ። ሕዝቡ ያወጣለት «ክራንቲሲንህ» የሚለው ስም የአብዮት አንበሳ ማለት ነው። አንበሳነቱ ስለሚጋነን ሌላው ሥራው ተረስቷል።

«ሽፍታ ነበር።»
የቀድሞ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ሥራው «ታላቲ» ይባላል፦ የመንደሩን የመሬት መዝገብ የሚይዝና ግብር የሚሰበስብ ሰው። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያርሰውና ምን እንደተዘራበት የሚጻፈው በታላቲው እጅ ነው። አራጣ አበዳሪ የገበሬን ማሳ እንዴት እንደሚወስድ ከዚህ መዝገብ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ፓቲል በ1930 ሥራውን ትቶ ጋንዲ በእንግሊዞች ላይ ያስነሣውን ሕዝባዊ እምቢተኝነት ሲቀላቀል ይህን እውቀት ይዞ ነው የወጣው። በእኛ ግምት በኋላ የሆነውን ሁሉ የሚያስረዳው ጠመንጃው ሳይሆን ይህ መዝገብ ነው።

«እግር ላይ የፈረስ ጫማ ይቸነክሩ ነበር።»
በብዛት የሚወራው ይህ ነው። በ1942 መስከረም ገበሬዎች ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሰልፍ ወጡ፤ በቫዱጅ ፖሊስ ተኩሶ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ትግሉ ስውር ሆነ፣ በ1943 ደግሞ «ፕራቲ ሰርካር»፣ ማለትም ትይዩ መንግሥት፣ ተቋቋመ። «ፕራቲ» በሰው አፍ «ፓትሪ» ሆነ፤ ቃሉ እግር ላይ የሚመታ ብረት ስለሚያስታውስ ወሬው ከዚያ ተነሣ። የተለመደው ቅጣት ግን ውስጥ እግርን በዱላ መግረፍ ነበር፤ እኛ ወፌ ላላ ከምንለው ብዙ አይርቅም። የሚቀጡትም የመንግሥት ጠቋሚዎች፣ ወንበዴዎችና ጨካኝ አራጣ አበዳሪዎች ነበሩ። ቸንካሪዎች አልነበሩም ማለት ግን የዋሆች ነበሩ ማለት አይደለም።

«ሥራቸው ባቡር መዝረፍ ነበር።»
በ1943 ሰኔ 7 ሼኖሊ አጠገብ ደመወዝ የጫነ ባቡር በሐዲዱ ላይ ድንጋይ ከምረው አስቁመው ገንዘቡን መውሰዳቸው እውነት ነው። የዕለት ተዕለት ሥራቸው ግን ሌላ ነበር፦ በመቶ በሚቆጠሩ መንደሮች የድንበርና የብድር ክርክር መዳኘት፣ እህል ማከፋፈል፣ ስካርን መከልከል። «የጋንዲ ሠርግ» የሚባለውም የእነሱ ነው፤ ያለ ጥሎሽ፣ ያለ ሙዚቀኛ ጓድ፣ በአነስተኛ ወጪ ይፈጸማል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ገበሬውን ወደ አራጣ አበዳሪው ደጅ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ የልጅ ሠርግ ነው። የሠርጉ ወጪ ሲቀንስ ማሳው ከመያዣነት ይድናል።

«ሁሉን ያዘዘው ብቻውን ነው።»
አይደለም። ኪሳን ቪር፣ ናግናት ናይክዋዲ፣ ጂ. ዲ. ላድና ሌሎችም የየራሳቸውን ቡድን ይመሩ ነበር። ፓቲል የሕዝቡ አፍ ነበር፤ ገበሬው በገበሬ አነጋገር ሲነገረው ይሰማል።

«እንግሊዞች ደመሰሷቸው።»
ፓቲልን ለመያዝ ሽልማት ተመድቦ፣ ቤቱና መሬቱም ተወርሶ ሳለ እንኳ አልተያዘም። እናቱ ሲሞቱ በድብቅ መጥቶ የመጨረሻ ሥርዓታቸውን ፈጽሟል። በእኛ አገር ቋንቋ የውስጥ አርበኛ የሚባሉት ዓይነት መንደርተኞች ባይደብቁት ይህ አይሆንም ነበር። ከስውር ኑሮው የወጣው በ1946፣ ለነፃነት የታገለው የኮንግረስ ፓርቲ የቦምቤይን ክፍለ ሀገር መንግሥት ሲረከብ ነው።

«ከነፃነት በኋላ በኮንግረስ ወንበር ተሸለመ።»
ከኮንግረስ ወጥቶ መጀመሪያ የገበሬዎችና ሠራተኞች ፓርቲን፣ በኋላ ኮሚኒስት ፓርቲን ተቀላቀለ። በ1957 ሳታራ ወደ ሎክ ሳብሃ፣ ማለትም በቀጥታ ወደሚመረጠው የፓርላማ ምክር ቤት፣ ላከችው። ዘመኑ ማራቲ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱን ክፍለ ሀገር የሚጠይቅበት ነበር፤ ማሃራሽትራ የተመሠረተችው በ1960 ነው። በ1962 ያንኑ የሳታራ ወንበር ያገኘው የስውር ትግል ጓዱ ኪሳን ቪር ነው፤ ያውም በኮንግረስ ስም። ፓቲል በ1967 ዳግመኛ ሲመረጥ ከሳታራ ሳይሆን ከቢድ ነበር፤ ቢድ እስከ 1948 በሃይደራባዱ ኒዛም ሥር የቆየች፣ ፕራቲ ሰርካር ያልደረሰባት አገር ናት።