እርግዝና እና ቫይረስ፦ የሚባለው ሌላ፣ እውነታው ሌላ

«እኔን ካላመመኝ ልጄም ደህና ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሩቤላን እንይ። እናትየው ላይ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ጥቂት ቀን የሚቆይ ሽፍታ፣ ከጆሮ ጀርባ ያበጠ ንፍፊት፤ በቃ። አንዳንዷ ጭራሽ አይታወቃትም። ግን በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከያዛት ፅንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ዓይኑን፣ ጆሮውን ወይም ልቡን ሊነካው ይችላል። ከ20 ሳምንት በኋላ ግን ጉዳቱ እምብዛም ነው። ነገሩን በ1941 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ኖርማን ግሬግ የተባለ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ነው። የዓይን ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በዙበት። የአብዛኞቹን እናቶች እርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው ነበር።

ሳይቶሜጋሎ ቫይረስም እንዲሁ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። የትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ልጅ ያስተረፈውን በራሱ ማንኪያ መጨረስም ይቅር (ይከብዳል፣ አውቃለሁ)።

«ጉድፍ የያዘው ልጅ ጋ ተቀምጫለሁ፣ አለቀልኝ»

ኧረ በፍጹም! በልጅነትሽ ከያዘሽ ወይም ከተከተብሽ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያው አለሽ። እርግጠኛ ካልሆንሽ የደም ምርመራ ይለየዋል። መከላከያው ከሌለሽ በ10 ቀን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ስለዚህ ሽፍታው እስኪወጣ አትጠብቂ። ሽፍታው ከወጣ ደግሞ ወደ ጤና ተቋሙ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ንገሪያቸው። ወረፋው ላይ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች አሉ።

«ነፍሰ ጡር አትከተብም»

እንደ ክትባቱ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየትኛውም ወር ይሰጣል፤ እንዲያውም ይመከራል። ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ይህን ክትባት ስለማይወስድ የሚጠብቀው ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ነው። የማይሰጡት እንደ ሩቤላና ጉድፍ ያሉት፣ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩት ናቸው። እነሱን ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር በፊት መጨረስ ነው። እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የተከተበች ካለች ለሐኪሟ ትንገር እንጂ እርግዝናውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

«ሄፓታይተስ ቢ ያለባት እናት አታጥባ»

ታጥባ። ዋናው ነገር ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘቱና ቀሪዎቹን በየጊዜያቸው መጨረሱ ነው። ለእናትየው ደግሞ የቫይረሱ መጠን ከፍ ያለ ከሆነ ከመውለዷ በፊት የሚጀመር መድኃኒት አለ።