ሲዲ ፎርና ቫይራል ሎድ፤ ኤችአይቪን የመቆጣጠር ነገር በጅማ

ጅማ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሁለት ቁጥሮችን በደንብ ያውቃል፤ ሲዲ ፎርና ቫይራል ሎድ። ሲዲ ፎር የሰውነትን በሽታ መከላከያ የሚያስተባብሩት ነጭ የደም ሴሎች ብዛት ነው። ቫይራል ሎድ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የተገኘው የቫይረስ ቅጂ ብዛት ነው። ለዚህኛው ደሙ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል። ቱቦው በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል፤ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ የቀረው ቢጫ ፕላዝማ ይመረመራል።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ነፃ መድኃኒት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005።

ሰውነት ያለ መድኃኒትም ዝም ብሎ አይሸነፍም። ሲዲ ኤይት የሚባሉት ሴሎች በቫይረሱ የተያዘውን ሴል ለይተው ይገድላሉ። ቫይረሱ ግን ቶሎ ቶሎ መልኩን ይቀይራል፣ ሴሎቹም ይዝላሉ። ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚቆጣጠሩት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኤችኤልኤ ቢ57 ወይም ቢ27 የሚባል ዘረመል አላቸው። ሴሎቻቸው የሚያነጣጥሩት ጋግ የተባለውን የቫይረሱን ውስጠኛ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ እሱን ልቀይር ካለ ራሱ ይዳከማል። በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውን ኤችአይቪ ሁለትን ብዙ ሰው ለዓመታት ይቋቋመዋል። የእኛው ኤችአይቪ አንድ፣ በተለይም ንዑስ ዓይነት ሲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከሆላንዶች ጋር የተሠራ ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎር ከሆላንዳውያኑ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። ምክንያቱ ያከራክራል። የአንጀት ትላትል ነው የሚሉ አሉ። ትላትል በጅማ ገጠር እንግዳ አይደለም። ተማሪዎቹን ኅብረተሰቡ መሀል አውርዶ የሚያስተምረው የጅማ ዩኒቨርሲቲያችን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛን ሰው ቁጥር በአውሮፓ ሚዛን ብቻ መመዘን ልክ አይደለም።

አሁን መድኃኒት ለመጀመር ሲዲ ፎር እስኪወርድ አይጠበቅም። ክኒኑ በአግባቡ ሲወሰድ ቫይራል ሎድ በሳምንታት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ሲዲ ፎር ግን ለማገገም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ቫይራል ሎዱ ከ1000 በላይ ከወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ምክር ይሰጣል፣ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይለካል። ጥሩ አማካሪ ያኔ የሚጠይቀው ኑሮን ነው፤ ለቡና ለቀማ ራቅ ብለው ሲሄዱ ክኒኑ ቤት ቀርቶ ይሆን?