እቤት አማርኛ አውሩ፤ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱ ያስተምራል

ሜሪላንድ ውስጥ በትምህርት ቤቶች አማርኛ አስተረጉማለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ የልጆች ምዝገባ ሲጀመር፣ በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አዲስ የመጡ ወላጆች አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሻንጣቸውን ፈተው ሳይጨርሱ ቀድሞ የመጣ ሰው ሁሉ መክሯቸዋል። ብዙው ምክር ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ሳይመጣ ልጅ አይመዘገብም።» ይመዘገባል። የሚጠየቀው የልጁ ዕድሜ ማስረጃ፣ የምትኖሩበት አድራሻ እና የክትባት ወረቀት ነው። ዘመድ ቤት ተጠግታችሁ ከሆነም ለእሱ የሚሞላ ቅጽ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ 1982 የስደት ወረቀት የሌለው ልጅ እንኳ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ወስኗል።

«አስተርጓሚ ያስከፍላል።» አያስከፍልም። ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ትልቁን ልጅ ለትንሹ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትምጡ።

«የኢትዮጵያ የክትባት ካርድ እዚህ አይሠራም።» ይሠራል፤ እባካችሁ አትጣሉት። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። በእኛ ጥር 2012 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ 2020 ይላል። ካርዱ ላይ ግን 2012 ተጽፏል። ነርሷ ስታየው ልጁ ከመወለዱ ስምንት ዓመት በፊት የተከተበ ይመስላታል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ይወጋል። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አስቀይራችሁ ሂዱ። የጉድፍ በሽታ መከላከያው፣ እዚህ ቺክን ፖክስ የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በመደበኛነት ስለማይሰጥ እሱ መጨመሩ አይቀርም። የቲቢ መከላከያውን ቢሲጂን የተከተበ ልጅ ደግሞ ክንዱ ላይ በሚደረገው የቲቢ ምርመራ ሳይታመም ሊያብጥበት ይችላል። የደም ምርመራው ቢሲጂን ከቲቢ ስለሚለይ እሱ ይደረግለት ብላችሁ ጠይቁ።

«ልጅህን ከተቆጣኸው ፖሊስ ይወስደዋል።» መቆጣት ወንጀል አይደለም። ወላጆች እሱን ሲፈሩ እውነተኛውን አደጋ ይረሱታል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ጠባቂው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የማታ ፈረቃ ገብታችሁ የስድስት ዓመቱን ለአሥር ዓመት እህቱ ከተዋችሁ ሕግ ጥሳችኋል።

አሁን ወደ ዋናው። በየምዝገባው የምሰማውና የሰለቸኝ ይሄ ነው፦ «ልጁ እንዳይምታታበት እቤት አማርኛ አቁመናል።» ጥሩ ነገር እንደሠሩ ሆነው ነው የሚነግሩኝ።

ልጅ ሁለት ቋንቋ አይምታታበትም። «ማሚ፣ ሹዜን አምጪው» ሲል ሁለቱንም እየተጠቀመባቸው ነው። ሁለት ቋንቋ የልጅን አፍ መፍታት አያዘገይም፤ የንግግር ባለሙያዎች ከተስማሙበት ቆይተዋል። መጀመሪያ ላይ ክፍል ውስጥ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። እየሰማ ነው፤ አትደንግጡ፣ አታስጨንቁት።

ደግሞ አማርኛውን ስታቆሙ በምን ትተኩታላችሁ? ብዙ እቤት አይቻለሁ። አባት በአማርኛ ሲያወራ ተረት ይናገራል፣ ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስ ያስረዳል፣ ያባብላል። በእንግሊዝኛው «ኢት»፣ «ስሊፕ»፣ «ስቶፕ» ብቻ ይቀረዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ ይሰማል። በአማርኛ ለምንና እንዴት ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ ግን ሐሳቡን ይዞ ክፍል ይገባል፤ የሚቀረው የእንግሊዝኛውን ቃል መልመድ ነው።

አንዲት እናት አለች። ልጇ ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር። አጎቷ አማርኛ እንዳትሰማ ብሎ ሁሉም በሚችሉት እንግሊዝኛ ያወሯት ጀመር። ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ አውቶቡስ ውስጥ የሚያስቸግሯት ልጆች ነበሩና ስብሰባ ተጠራን። ልጅቷ ሁሉንም በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገረች፤ ቦርሳዋን ማን እንደሚወረውርባት፣ የትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ እንደምትፈራ። እናቷ አልገባትም። «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?» ስትላት ልጅቷ እናቷን ትታ እኔን አየች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው እናትን ለልጇ፣ ልጅን ለእናቷ አስተረጎምኩ። ያን ቀን ያየሁትን ሌላ ቤት ላይ ማየት አልፈልግም።

ከዚሁ እምነት የሚመጣ ሌላ ጥፋትም አለ። የምዝገባ ቅጹ እቤት የሚነገረውን ቋንቋ ይጠይቃል። ወላጅ «ኢሶል ከገባ ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ እንግሊዝኛ ብቻ ብሎ ይሞላል። እባካችሁ እውነቱን ጻፉ። ኢሶል እንግሊዝኛ ገና ለሚለምድ ልጅ የሚሰጥ ድጋፍ እንጂ ቅጣት አይደለም። ልጅ ሜዳ ላይ የሚጫወትበትን እንግሊዝኛ በአንድ ሁለት ዓመት ይለምዳል። የሒሳብ ጥያቄ አንብቦ የሚረዳበት እንግሊዝኛ ግን አምስት፣ ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድ ሰምታችሁ «ጨርሷል፣ አስወጡልኝ» አትበሉ። የእንግሊዝኛ ችሎታውን የሚለካው፣ በየዓመቱ የሚሰጠው የዊዳ ፈተና ሲደርስ ያስወጣዋል።

ልጁ በአማርኛም ከእኩዮቹ ከዘገየ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ስሙን ስትጠሩት ካልዞረ፣ «አገር ስለቀየረ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ የሚባለው ፕሮግራም ዘንድ ደውሉ። ሦስት ከሞላው የትምህርት ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቁ። ምርመራው ነፃ ነው። ስትደውሉ በአማርኛም ይታይልን በሉ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተመረመረ አዲስ መጤ ልጅ ያለ ችግሩ ችግር ሊጻፍበት፣ ያለበትም ሊታለፍ ይችላል።