የቪቪቲ ቫልቭ ስለመቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሞተር መብራት የበራበትና ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) የሚዋዥቅ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ይዘው ወደ ጋራዣችን ከሚመጡ ባለንብረቶች ብዙዎቹ አዲሱን የቪቪቲ ቫልቭ ገዝተው በእጃቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ይህችን ብቻ ቀይርልኝ።» መቀየሩ ራሱ ቀላል ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሶኬት መንቀል፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ አንድ ቡሎን መፍታትና ቫልቩን መምዘዝ ብቻ ነው። ችግሩ ግን ከተቀየሩት ቫልቮች ብዙዎቹ ምንም ብልሽት ያልነበረባቸው መሆኑ ነው። ይህንን በየሳምንቱ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነገሩን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ቪቪቲ የመግቢያ ቫልቮላዎች የሚከፈቱበትን ጊዜ እንደ ሞተሩ ፍጥነትና ጭነት የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ሥርዓት ነው። ቫልቮላዎቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ፣ ጫፍ ላይ ያለው ጊር ውስጡ ክፍት ቦታዎች አሉት፤ በግፊት የሚገባው የሞተር ዘይት እነዚህን ቦታዎች እየሞላ ካምሻፍቱን ወደፊት ወይም ወደኋላ ያዞረዋል። ዘይቱ በየትኛው በኩል እንደሚገባ የሚወስነው በኮምፒውተሩ የሚታዘዘው ትንሽ ቫልቭ፣ ማለትም የቪቪቲ ቫልቩ፣ ነው። እንግዲህ ካምሻፍቱን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ዘይት ከሆነ፣ ዘይቱን ሳያይ ቫልቩ ላይ የሚፈርድ ሰው ግምቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

«ኮምፒውተሩ ቫልቩ ተበላሽቷል ብሏል»

ኮምፒውተሩ እንዲህ አላለም። ኮምፒውተሩ ከሚመዘግባቸው የብልሽት ኮዶች እጅግ የተለመደው ፒ0011 የሚናገረው የመግቢያው ካምሻፍት ከታዘዘው በላይ ቀድሞ መገኘቱን ነው፤ ፒ0012 ደግሞ ዘግይቶ መገኘቱን። ሁለቱም የሚታየውን ውጤት እንጂ ምክንያቱን አይነግሩም። ምክንያቱ የጎደለ ዘይት፣ የወፈረ ወይም ያረጀ ዘይት፣ የተደፈነ ወንፊት፣ በቆሻሻ የተያዘ ቫልቭ ወይም ያለቀ ጊር ሊሆን ይችላል። ኮዱ ፒ0010 ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሽቦውና ሶኬቱ ከቫልቩ ቀድመው መታየት አለባቸው። ኮድ አንብቦ በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚልክ ባለሙያ ምርመራውን ገና አልጀመረም።

ትክክለኛው አካሄድ ከዘይት መለኪያ ዘንጉ ይጀምራል። በቪትዝና በኮሮላ በስፋት የሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ከፊልትሮው ጋር የሚይዘው 3.7 ሊትር ያህል ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር መጉደሉ ከሩብ በላይ ማጣት ነው። ዘይቱ ደህና ከሆነ ቫልቩን በሞተሩ ላይ እንዳለ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሶኬቱ ይነቀልና ከባትሪ በተወሰዱ ሁለት ሽቦዎች ለአፍታ 12 ቮልት ለቫልቩ ይሰጠዋል። ጤነኛ ሥርዓት ከሆነ ሞተሩ ወዲያው መንቀጥቀጥ ይጀምራል ወይም ይጠፋል፤ ሽቦው ሲነሳ ይረጋጋል። ምንም ለውጥ ካልታየ ቫልቩ ይወጣና በኦም ሜትር ይለካል፤ በዚህ ሞተር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ማሳየት አለበት። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ውስጡ ያለው ዘንግ በግልጽ ሲንቀሳቀስ በዓይን መታየት አለበት። ይህ ሁሉ አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል።

አንድ ደንበኛችን ቫልቩን ሌላ ቦታ ደጋግመው አስቀይረው መብራቱ እየተመለሰ አስቸግሯቸው መጡ። የመጨረሻው ቫልቭ በፈተናው ፍጹም ደህና ነበር። ወደ ቫልቩ የሚሄደው ዘይት የሚጣራባትን፣ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ በቡሎን ተዘግታ የምትቀመጠውን ትንሽ ወንፊት አወጣን። ጥቁር ዝቃጭ ሞልቷት ብርሃን አታሳልፍም ነበር፤ ከዝቃጩ ጋር የቀይ ሲሊኮን ፍርፋሪ ተጣብቆባታል። ከዚህ ቀደም የሞተሩን ሽፋን የገጠመ ሰው ሲሊኮኑን አብዝቶ ቀብቶ፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርሶ ገብቷል። ወንፊቷ ታጥባ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮ መኪናው ሄደ። ለቫልቮቹ የወጣው ገንዘብ ለብዙ ጊዜ የዘይት ለውጥ ይበቃ ነበር፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ሶኬቱን ብንነቅለው ይስተካከላል»

ሚኒሞው ይረጋጋል፤ ጥገና ግን አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የቫልቩ ሞላ ዘይቱን ወደ ማዘግየት ስለሚመራው የመግቢያው ካምሻፍት በመጨረሻው የዘገየ ቦታው ይቀራል። ሞተሩ በዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ጉልበት ያጣል፤ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። የአዲስ አበባ ከፍታ በራሱ የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሰው ጭኖ የሚወጣ ቪትዝ ሶኬቱ ተነቅሎ ከሆነ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ይውላል።

«ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል»

ለዚህ ሥርዓት አይሻለውም። አምራቹ ለእነዚህ ሞተሮች የሚመክረው እንደ 5ደብሊው-30 ያለ ቀጭን ዘይት ነው። እንደ 20ደብሊው-50 ያለ ወፍራም ዘይት ሲሞላ በጠዋት ቅዝቃዜ ዘይቱ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ቶሎ አያልፍም፤ ካምሻፍቱም ከትዕዛዙ ወደኋላ ይቀራል። ዘይት የሚበላ ሞተር ካለ የሚበላበት ምክንያት ይጠገን።

«በናፍጣ ይታጠብ» የሚለው ምክር ደግሞ ይቅር። ናፍጣ ተጋግሮ የነበረውን ዝቃጭ በአንዴ ያላቅቀዋል፤ የተላቀቀው ዝቃጭ የሚሄደውም ወደ ዘይት መሳቢያው ወንፊትና ወደዚያችው ትንሽ ወንፊት ነው። ጥሩ ዘይት በአጭር ርቀት ደጋግሞ መቀየር ቀስ ብሎ ያጸዳል።

«የቪቪቲ ቫልቭና የካምሻፍት ሴንሰር አንድ ናቸው።» አይደሉም፤ አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ያነባል።

«ከማንኛውም ቶዮታ የተፈታ ይገጥማል።» ቁጥራቸው በ15330 ቢጀምርም ቀሪው አኃዝ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። አዲስ ነው ተብሎም ሳይፈተን አይገጠም፤ ከካርቶኑ ወጥቶ ዘንጉ የማይንቀሳቀስ አዲስ ቫልቭ በእጄ ይዣለሁ። ሲገጠም ኦሪንጉ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት) አዲስ ይሁን፣ ዘይት ይቀባ። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ቡሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል፤ ከ10 ኒውተን ሜትር ያነሰ ይበቃዋል።

«ካቴናውም አብሮ መቀየር አለበት» የሚለው፣ የታየው ኮድ ፒ0011 ብቻ ከሆነ፣ አይሠራም። ካቴና፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍቱን) ከካምሻፍቱ የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ ሲረዝም በአብዛኛው የሚመጣው በክራንክሻፍቱና በካምሻፍቱ መካከል አለመጣጣምን የሚናገረው ፒ0016 ነው፤ እሱም ቢሆን ከጊሩ ሊመጣ ስለሚችል ተከፍቶ ሳይታይ አይወሰንም። ጊሩ ማለቁን የሚያሳብቀው ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የሚሰማውና ግፊቱ ሲደርስ የሚጠፋው የመንኳኳት ድምፅ ነው፤ ይህም የሚሆነው ጊሩን በቦታው የሚይዘው የመቆለፊያ ፒን ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ጊሩ ሙሉውን ይቀየራል። ከካምሻፍቱ ጋር የሚያያዘው መካከለኛው ቡሎን ብቻ ይፈታል፤ ዙሪያውን ያሉት ትናንሽ ቡሎኖች በፋብሪካ የታሰሩ ስለሆኑ አይነኩም።