ፈረንሳዮች ማዕድ ላይ ሲቀመጡ

ፈረንሳይ ውስጥ የቀኑን ሰዓት የሚያዘው ምግብ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ምሳ በኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ ብዙ ሬስቶራንት ኩሽናውን ይዘጋና እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ማንም አያበስልልህም፣ ትልልቅ ከተሞች ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሰሩ ብራስሪ የሚባሉ ምግብ ቤቶች አሉ እንጂ ገጠር ቀመስ ከተማ ሄደህ 9 ሰዓት ላይ ራበኝ ብትል ሰሚ የለህም፣ ሱቁ ራሱ ለምሳ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለመንገደኛ መጀመሪያ ያበሽቃል፣ ስትለምደው ግን ደስ ይላል። ኦኢሲዲ የሚባለው በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ስብስብ ባወጣው ንጽጽር ፈረንሳዮች በቀን ከ2 ሰዓት በላይ በመብላትና በመጠጣት ያሳልፋሉ። የሰራተኛ ህጋቸው ደሞ ሰው ስራ ቦታው ላይ ምሳ እንዳይበላ የሚከለክል አንቀጽ አለው፣ በኮቪድ ጊዜ 2021 ላይ ነው ለጊዜው ላላ ያደረጉት።

ቅደም ተከተሉ አይቀልድም። መጀመሪያ አንትሬ (ቀለል ያለ መክፈቻ ምግብ)፣ ቀጥሎ ዋናው ምግብ፣ ከዛ ፎርማጆ፣ ከዛ ጣፋጭ፣ ቡና የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው (ይሄኛው ለሀበሻ አይከብድም)። ፎርማጆው ሶስት ማዕዘን ከሆነ ጫፉን ቆርጠህ እንዳትወስድ፣ ምርጡን ለራስህ አነሳህ ማለት ነው። እጅህን ከጠረጴዛ ስር አትደብቅ፣ አንጓህ ጠርዙ ላይ ይታይ። ዩኔስኮ 2010 ላይ ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይሄንን የድግስ ማዕድ ስርዓት እንጂ አንድ የሆነ ምግብ አይደለም፣ እኔ በጣም የወደድኩትም እሱን ነው።

ዳቦው የራሱ ሳህን የለውም፣ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ቁጭ ይላል፣ በእጅ ነው የሚቆረሰው። ባጌት የሚባለው ረጅሙ ቀጭን ዳቦ 1 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ሰው ገዝቶ ሲወጣ ጫፉን መንገድ ላይ ገምጦ ነው ቤት የሚደርሰው። ስትገዛ "ትራዲስዮን" በል፣ በባህላዊው መንገድ የተሰራው ባጌት ማለት ነው፣ በ1993ቱ ደንብ መሰረት ተጨማሪ ኬሚካል አይገባበትም፣ ፍሪዘር ውስጥም አይገባም። የባጌት አሰራር 2022 ላይ ቅርስ ሆኗል። ዳቦ ቤት ስትገባ ግን መጀመሪያ ቦንዡር! ሰላም ሳትል ዘለህ ካዘዝክ ባለጌ ነህ፣ ፊታቸው ሲለወጥ ታየዋለህ።

ሬስቶራንት ውስጥ ዳቦና የቧንቧ ውሃ በነጻ ነው፣ "ካራፍ ዶ" (አንድ ጆግ ውሃ) ብትል በቂ ነው። ሰርቪስ ዋጋው ውስጥ ስላለ ቲፕ ግዴታ አይደለም፣ ቢሉን ደሞ ካልጠየቅክ አያመጡልህም፣ ረስተውህ ሳይሆን ተነስ ማለት ስለሚሆንባቸው ነው።

ሁሉም ሰው ሁሌ እንደዚ ይበላል ማለት ግን አይደለም፣ ፓሪስ ላይ በምሳ ሰዓት ቅቤና ሃም (የአሳማ ስጋ) ያለበት ሳንዱች ይዞ ፓርክ የሚቀመጠው ብዙ ነው፣ ማክዶናልድም በደንብ ይሸጣል። እሁድ ግን ሌላ ነው፣ ጠዋት ገበያ ወጥተው ይገዙና ቤተሰብ ተሰብስቦ ምሳው እስከ 10 ሰዓት ሊሄድ ይችላል፣ ሲበሉ የሚያወሩት ደሞ ባለፈው ስለበሉትና በሚቀጥለው ስለሚበሉት ነው።