የቪፒኤን አካውንት መክፈቻ ስክሪፕት፣ አዳማ ቢሮ ውስጥ እንደሚሠራው

ቪፒኤን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቴሌግራም ምናምን ሲዘጋ ስልኩ ላይ የሚጭነው አፕ ነው፣ እዚ የማወራው ስለሱ አይደለም። የመስሪያ ቤቱን ነው፤ ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ሆኖ አዳማ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛዋ ፖስታ ቤት ጋ ቁጭ ብላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ሰርቨር ላይ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የምትከፍትበትን መስመር። ሰርቨሩ አንዴ ከተተከለ የሚቀረው ሥራ ለሰው አካውንት መክፈትና መዝጋት ነው፣ ለዚ ደሞ አይቲው የሆነ ትንሽ ባሽ ስክሪፕት (ሊኑክስ ላይ በተራ የሚፈጸሙ ትዕዛዞች ያሉበት ፋይል) ይጽፋል ወይ ከሌላ ሰው ወስዶ ያስተካክላል።

ድሮ ፒፒቲፒ በሚባለው አሮጌ የቪፒኤን ዓይነት ጊዜ ስክሪፕትም አያስፈልግም ነበር። ቻፕ ሲክሬትስ የሚባለው ፋይል ላይ አንድ መስመር ትጨምራለህ፣ ስም፣ ሰርቨር፣ ፓስወርድ፣ አይፒ፣ በቃ አለቀ። ግን ፓስወርዱ እዛው ተገልጦ የሚነበብ ነው፣ ፒፒቲፒ ራሱም ከተሰበረ ቆይቷል፣ ዛሬም እሱ ላይ ያለ ካለ ቶሎ ይውጣ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ጄምስ ዮናን ያወጣው ኦፕንቪፒኤን የሚባለው የቪፒኤን ፕሮግራም ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አካውንት ማለት ሰርተፍኬት ነው፣ ማንነትህን ለሰርቨሩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ። ስክሪፕቱ ስም ይጠይቅሃል፣ ከዛ ከጀርባ ኢዚ አርኤስኤ የሚባለውን የሰርተፍኬት ማውጫ ፕሮግራም ጠርቶ ቁልፍ ያወጣል፣ ቁልፉን በድርጅቱ ዋና ሰርተፍኬት ያስፈርማል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀልለዋል። ፋይሉን በኖትፓድ ብትከፍተው ላይ ላይ የሰርቨሩ አድራሻና ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) አለ፣ ብዙ ጊዜ 1194፣ ከስር ደሞ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ረጃጅም የፊደል ክምሮች፣ አንዱ ክምር የሰውየው ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው። እና ይሄን ፋይል ሁሉም ሰው በቴሌግራም ነው የሚልከው! በፍላሽ እጅ በእጅ ስጡ ብዬ ብዬ ደክሞኛል።

መክፈቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጣጣው መዝጋቱ ላይ ነው፣ ጣጣው የሚጀምረው ደሞ ከስም። የኛ ስም በላቲን ሲጻፍ አንድ ወጥ አይደለም፣ ጸሐይ የሚለውን አንዱ በቲኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ ሌላው መጨረሻው ላይ ኢ ይጨምራል፣ ስክሪፕቱ እነዚህን ሦስት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንድ ሠራተኛ ፋይሏ በጠፋ ቁጥር አዲስ ሲከፈትላት ሦስት አካውንት ይኖራታል፣ ሥራ ስትለቅ አንዱ ይዘጋል፣ ሁለቱ ክፍት ይቀራሉ። ስለዚ በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥርና በዕቃው ነው መክፈት፣ ላፕቶፑ ለብቻ ስልኩ ለብቻ።

ሌላው ቀን ነው። አሁን ያሉት የኢዚ አርኤስኤ ቅጂዎች ምንም ካላልካቸው ለሰርተፍኬት 825 ቀን ይሰጣሉ፣ ለኮንትራት ሠራተኛ ማሳጠር ይቻላል። እኔ አንዴ «እስከ ሰኔ 30» ተብሎ ተጽፎ የመጣውን ጁን 30 አድርጌ አስገባሁት፣ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው እኮ፣ ልጅቷ በጀት መዝጊያው ሳምንት ላይ መግባት አቃታት፣ የሰማሁትን ስድብ አልጽፈውም። መብራት ሄዶ ሲመጣም የሰዓት ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር ከሆነ ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለስና አዲሱን ሰርተፍኬት ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ ይመልሰዋል።

አካውንት ሲሰረዝ ሰርተፍኬቱ ከሰውየው ላፕቶፕ ላይ አይጠፋም፣ ቁጥሩ ሲአርኤል የሚባለው የተሰረዙ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ሰርቨሩ ዝርዝሩን እንዲያይ ካልታዘዘ ደሞ መሰረዙ ዋጋ የለውም። ያኔ ገብቶ ያለ ሰው ወዲያው አይባረርም፣ ቁልፍ እስኪታደስ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚ ስክሪፕቱ ግንኙነቱንም እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ራሱ ምንም ካላልከው በ180 ቀን ጊዜው ያልፍበታል፣ ያን ቀን የተሰረዘውም ያልተሰረዘውም ሁሉም ይታገዳል፣ ጠዋት ቢሮው በሙሉ «ኔትወርክ የለም» እያለ ይደውላል፣ አንተ ሞደም ስታጠፋ ስታበራ ትውላለህ። ተዘጋጅተው የሚመጡት ስክሪፕቶች 3650 ቀን የሚያደርጉት ለዚሁ ነው።

ዋየርጋርድ የሚባለው አዲሱ የቪፒኤን ዓይነት ይሄን ሁሉ አሳጥሮታል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሊኑክስ እምብርት (ከርነል 5.6) ውስጥ የገባው። ሰርተፍኬት የለም፣ ቀን የለም፣ ሰው ማለት 44 ፊደል ያለው ቁልፍና አንድ አይፒ ነው፣ ለስልክ ኪውአር ኮድ ታሳየዋለህ፣ ለመዝጋት ያንን ቁልፍ ማጥፋት። ግን ስም የሚባል ነገር የለውም፣ ከወር በኋላ ፋይሉን ስትከፍት የቱ ቁልፍ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚ የኛ ስክሪፕት ከእያንዳንዱ ቁልፍ በላይ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ዕቃውንና የተከፈተበትን ቀን በኮሜንት ይጽፋል፣ ቀኑን በፈረንጅም በሀበሻም።